እስካሁን በሩጫ ላይ ነኝ

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤታችን ባዘጋጀው የእሑድ ማለዳ የማስ ስፖርት ላይ ስሜ በመነሻው መዝገብ ሰፍሮ በመድረሻው መዝገብ ሳይገኝ በመቅረቱ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዳስረዳ የሚያዝ ባለማኅተም ደብዳቤ ደርሶኛል። ግልባጩ ለሰው ሀብት፣ ለስፖርት ኮሚቴውና ለንብረት ክፍል ነው። ንብረት ክፍልን ከሩጫ ጋር ምን እንዳገናኘው መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ኋላ እንደተረዳሁት ነገሩ የቲሸርቱ ጉዳይ ኖሯል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከፒያሳ ተነሥተን ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል እንድንደርስ በታሰበበት በዚያ ማለዳ እኔ የሮጥኩት እስከ ገብርኤል ድረስ ብቻ ነው። ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል አጭር ርቀት እንደሆነ ስለሚያውቅ ባልናገረው በወደድኩ። እዚያ ስደርስ ልቤ ከእኔ ቀድማ መሮጥ ስለጀመረች፣ እርሷን ለማረጋጋት ስል ወደ አንድ ጁስ ቤት ጎራ ብዬ ስፕሪስ አዘዝኩ። ከታች አቮካዶው፣ ከመካከል ማንጎው፣ ከላይ ፓፓያው ድንበር ሳይተላለፉ የተቀመጡበትን ብርጭቆ፣ ሎሚ ጨምቄበት በማንኪያ ድንበሩን እያፈረስኩ ወደ ታች ስወርድ፣ ከኋላ የቀሩት ባልደረቦቼ ላብ በላብ ሆነው በመስታወቱ በኩል አለፉ። ስጨርስ ማንንም ሳልሰናበት ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ደብዳቤው ሲደርሰኝ ግን፣ እንዲህ ያለ ሥራ ስሠራ በዓለም የመጀመሪያው ሰው አለመሆኔን የሚያስረዳ በቂ የታሪክ ማስረጃ መኖሩ ትዝ አለኝና መልሴን በዚያ ላይ መሠረትኩ። ሺዞ ካናኩሪ የተባለው ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ ማራቶን ለመሮጥ በመርከብና በባቡር ከሁለት ሳምንት በላይ ተጉዞ ስዊድን ገባ። የውድድሩ ዕለት ሙቀቱ የበረታ ስለነበር፣ ጉልበቱ እየከዳው ሳለ በመንገዱ ዳር በአንድ ግቢ ውስጥ ጭማቂ የሚጠጡ ሰዎች አየ፤ ገብቶ አብሯቸው ተቀመጠ፤ ጠጣም። ከዚያም ሩጫውን ባለመጨረሱ ሐፍረት ስለያዘው ለዳኞቹ አንዲት ቃል ሳይናገር ወደ አገሩ ተመለሰ። ሰውየው የት እንደገባ ለስዊድናውያን እንቆቅልሽ ሆኖ ኖረ ይባላል፤ የሚገርመው ግን እርሱ በ1920 በአንትወርፕ፣ በ1924 ደግሞ በፓሪስ ኦሊምፒክ በገዛ ስሙ ተሰልፎ ሮጧል። በ1967 ስዊድናውያን ጋበዙትና በ75 ዓመቱ የመጨረሻውን ክር በጠሰ። ሰዓቱም 54 ዓመት ከ8 ወር ከ6 ቀን ከ5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ከጥቂት ክፍልፋይ ተብሎ ተነገረ። ልብ በሉ፤ ስዊድን ሰውየውን በክብር ጠራችው እንጂ ግልባጩን ለንብረት ክፍል አልላከችም።

ኃላፊያችን ይህን ካነበቡ በኋላ ቢሯቸው አስጠርተውኝ፣ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈበት አገር አንተ በስኒከር ገብርኤልን አላልፍ አልክ?» አሉኝ። በዚህ አገር ባጃጅ አጥቼ አረፈድኩ ለሚል ሰው እንኳ የሚጠቀስበት አበበ ቢቂላ ስለሆነ አልተደነቅሁም። ጀግናው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዋዜማ በሮም ያደረገውን ማን ይክዳል? ቶኪዮ ላይም ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው አሸንፎ፣ ሌሎቹ ገና በመንገድ ላይ ሳሉ በሣሩ ላይ ተንጋሎ ጂምናስቲክ ሠርቷል። የሙዚቃ ጓዱ የኢትዮጵያን መዝሙር ስላላወቀው የጃፓንን መጫወቱንም ለኃላፊያችን አስታወስኳቸው፤ ምክንያቱም የእኛ ሞንታርቦ በመክፈቻው ላይ በመዝሙሩ ፈንታ የሠርግ ዘፈን ሲለቅ ባለሙያውን በአደባባይ የገሠጹት እርሳቸው ነበሩ።

ደግሞስ ሳይለፉ መሸለም በእኔ ተጀመረ? እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከውድድሩ ስለወጣች ቡድናችን በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈ፤ እዚያም ግብፃዊው አድ ዲባ ብቻውን አራት አግብቶብን 4 ለ 0 ተሸነፍን። አንዲት ኳስ ሳናገባ የአፍሪካ ሁለተኛ ሆንን ማለት ነው።

በጽሑፍ መልሴ ውስጥ ሳላካትት የተውኩት የሒሳብ ክፍሉን ባልደረባችንን ጉዳይ ነው፤ ሰው ማሳበቅ አልወድም። እ.ኤ.አ. በ1904 በሴንት ሉዊስ ኦሊምፒክ ማራቶን ፍሬድ ሎርዝ የተባለ አሜሪካዊ ገና ግማሹን ሳይደርስ ስለደከመው መኪና ላይ ወጣ፤ መኪናው ሲበላሽ ወርዶ በእግሩ ወደ ስታዲየም ቢገባ ሕዝቡ አሸናፊ መስሎት በጭብጨባ ተቀበለው። በዚያው ውድድር ፌሊክስ ካርቫሃል የሚባል ኩባዊ ፖስተኛ፣ ስንቁን በቁማር አስበልቶ በባዶ ሆዱ ስለሮጠ፣ ከመንገድ ዳር ፖም ቀጥፎ በላ፤ ሆዱን ሲቆርጠው ጋደም ብሎ እንቅልፉን ተኛ፤ ነቅቶም አራተኛ ወጣ። እኔ እንኳ አልተኛሁም።

የእኛው ባልደረባ እንግዲህ ከሎርዝ ወገን ነው። አሞራ ገደል ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ከባጃጅ ወርዶ፣ የሃይላንዱን ውኃ በፊቱና በብብቱ ላይ አፍስሶ፣ እያለከለከ ከፊተኞቹ ጋር ተቀላቀለ። ከኃላፊያችን ጋር ፎቶ ለመነሣት እጁን ወደ ላይ እንዳነሣ፣ የባጃጁ ልጅ የብር ኖቶች እያውለበለበ በሕዝቡ መካከል ሰንጥቆ መጣና፣ «ጋሼ፣ መልስዎን ረስተው ወረዱ እኮ!» አለው። ይህን የነገሩኝ በስፍራው የነበሩ ሰዎች፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ሳይቀሩ ከዓሣው ቆሻሻ ላይ ቀና ብለው አዩት ይላሉ። ሎርዝ በዓመቱ የቦስተንን ማራቶን በእግሩ ሮጦ አሸንፏል፤ የእኛው ሰው ደግሞ በመጪው በጀት ዓመት የስፖርት ኮሚቴው ጸሐፊ ሆኖ ተመርጧል።

በእኔ ጉዳይ ኮሚቴው የደረሰበት ውሳኔ፣ በሚመቸኝ በማንኛውም እሑድ ከገብርኤል ተነሥቼ የቀረውን ርቀት እንድጨርስና እስከዚያው ቲሸርቱ በስሜ ተመዝግቦ እንዲቆይ የሚል ነው። ጡረታ ለመውጣት 9 ዓመት ይቀረኛል፤ ከካናኩሪ አንጻር ሲታይ በጥሩ ሰዓት ላይ ነኝ። ጠዋት ጠዋት የግቢያችን ጥበቃ በሩን እየከፈተልኝ፣ «ጋሼ፣ ዛሬስ የት ደረሱ?» ይለኛል።

«ገብርኤል ጋ ነኝ» እለዋለሁ።