ማስተካከያ፦ ለቪትዝ የሚሆን ቸርኬ

ባለፈው ጽሑፌ «የብሎን ቀዳዳዎቹ ቁጥር ከተመሳሰለ ቸርኬው ይገጥማል» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ባለ አራት ቀዳዳ ሁሉ አንድ አይደለም። የቶዮታ ቪትዝ ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትር 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ አራት ቀዳዳ ኖሮት 114.3 የሆነ ቸርኬም አለ።

የሆንዳ ፊት (Fit የተባለው የሆንዳ መኪና) ቸርኬ ለቪትዝ «ልክክ ይላል» ማለቴም ይታረም። ሁለቱም 4 በ100፣ ማለትም ባለ አራት ቀዳዳ ሆነው የክባቸው ዲያሜትር 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመሃሉ ቀዳዳ ግን የሆንዳው 56.1፣ የቪትዙ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር በዓይን ያታልላል፤ መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ግን መሪው ላይ መንቀጥቀጥ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ያስፈልጋል። ተገላቢጦሹ ጭራሽ አይሆንም፤ ጠባቡ የቪትዝ ቀዳዳ በሆንዳው ሞዞ (ቸርኬው መሃሉ የሚሰካበት የመኪናው ክፍል) ላይ አይገባም።

ቸርኬውን በብሎኑ ላይ የሚያጠብቀውን ዳዶ ደግሞ ጨርሶ ረስቼው ነበር፤ ይህ ከሁሉም ይብሳል። የሆንዳ ኦሪጅናል ቸርኬ የዳዶ መቀመጫው እንደ ኳስ የከበበ ሲሆን፣ የቪትዝ የብረት ቸርኬ ዳዶ ጫፉ ሾጣጣ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የጠበቀ ይመስላል እንጂ የሚነካኩት በቀጭን መስመር ብቻ ስለሆነ በጉዞ ላይ ሊላላ ይችላል። ቸርኬውን የገዛ ሰው ለመቀመጫው የሚስማማውን ዳዶ አብሮ ይግዛ።