ልክፈት ወይስ አልክፈት?

እሑድ ጠዋት እህቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ደሴ ውስጥ ቡና መጠራት ማለት እስከ በረካ ቁጭ ብሎ፣ ተመርቆ መነሣት ማለት ነው። አቦሉን ብቻ ጠጥቶ «ቸኩያለሁ» የሚል ሰው ወይ መኪና የሚያመልጠው መንገደኛ ነው፣ ወይ ነገር አለበት። እኔ ሁለቱንም አይደለሁም። ፈንዲሻዬን በእፍኜ ይዤ ጥጌን ያዝኩ።

ቡናው ገና እየተቆላ የእህቴ ልጅ ከጓዳ ብቅ አለ። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ ወደ እኔ አዞረው።

«ጋሼ፣ አንዴ ላማክርህ። ብሎግ ልክፈት ወይስ አልክፈት?»

ይቺን ጥያቄ ሲጠይቀኝ ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ ለገና ነው። ሁለተኛውን ጎረቤት ኢፍጣር ተጠርተን፣ ቴምሩ አፌ ውስጥ እንዳለ ነው የጠየቀኝ። ሁለቱንም ጊዜ «አንተ ጻፍ፣ መክፈቱ ይደርሳል» ብዬው ነበር። አሁን ግን ነገሩ ገፍቷል። ሎጎ አሠርቷል። የላባ ብዕር አለ፣ ከብዕሩ ሥር ጀበና፣ ከጀበናው ጀርባ ጦሳ ተራራ። ቀለም ለመምረጥ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጅቶበታል። «ስለ እኔ» የሚል ገጽም አዘጋጅቷል። እዚያ ላይ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ሩቅ የሚያይበት ፎቶ አለ። ከሥሩ «ደራሲ፣ ገጣሚ፣ ሐያሲ» ይላል።

«ጽሑፎቹስ?»

«እነሱማ ገና ናቸው። መጀመሪያ ልክፈት አይደል?»

ደራሲውንና ገጣሚውን ችዬ አለፍኩት። ሰው የሚመኘውን ስሙ ሥር ቢጽፍ ክፋት የለውም። ያበሸቀኝ «ሐያሲ» ነው። ሳይጽፉ ደራሲ መባል ይቻላል፣ ብዙ ሰው አውቃለሁ። ሐያሲ ለመባል ግን ቢያንስ የሌላ ሰው ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። ይሄ ልጅ ደግሞ የኔን እንኳ አያነብም።

እህቴ ከብረት ምጣዱ ቀና ሳትል «አብሽር በለው እንጂ፣ ምን ታስጨንቀዋለህ» አለችኝ። አብሽር አልኩት። ወሎ ውስጥ አብሽር የማይሸፍነው ነገር የለም።

«ስለ እኔ» የምትለዋ ገጽ ግን ከራሴ አልወጣ አለች። ሐይቅን አስታወሰችኝ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት ከዚችው እህቴ ጋር ሄደን ነበር። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ እሷ ውጭ ቀረች። እሷ ዓሣ ስትበላ እኔ ብራና ሳይ ዋልኩ። ማን እንደተጠቀመ ዛሬም እንከራከራለን።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያንን ገዳም ያቀኑ አባት ናቸው። መጻሕፍት ይሰበስቡ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1280 ገደማ አስጽፈው ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል አለ። ውስጡ የራሳቸውም ሥዕል አለበት። በዛሬ ቋንቋ «ስለ እኔ» መሆኑ ነው። ልዩነቱ፣ እሳቸው ሥዕላቸውን ያስገቡት አራቱን ወንጌል ከዳር እስከ ዳር አስጽፈው ነው። የእህቴ ልጅ ከሥዕሉ ነው የጀመረው።

ብራና ሲባል ደግሞ ቀላል አይምሰላችሁ። ፍየል ይታረዳል። ቆዳው ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ እንጨት ላይ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይፋቃል። ከዚያ ጸሐፊው ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋና ቀለም በሌለው ጫፍ መስመር ያሰምርበታል። ያቺን መስመር ቅጠሉን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ ካላያችሁ አታገኟትም። እኔ አይቻታለሁ። ቀጥ ያለች፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጭረት ናት። ፊደሉ እሷ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። የቅዱሳን ስም ጋ ሲደርስ ጥቁሩ ይቀመጥና ቀዩ ቀለም ይመጣል። እንዲህ ደክሞ የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚጽፍ ሁለቴ ያስባል። «እንዴት አደራችሁ ውድ ቤተሰቦቼ፣ ዛሬ ስለ ምን ልጻፍላችሁ?» ብሎ ለመጻፍ ፍየል የሚያርድ ማን አለ?

ብዙ ብራና ላይ ደግሞ እርግማን ታገኛላችሁ። «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን» ይላል። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ነው ነገሩ። ልብ በሉ፣ የሰረቀውን ብቻ ብለው አላቆሙም። የፋቀውንም ጨምረዋል። የጥንት ሰዎች ቴሌግራምን ያውቁት ነበር ልበል?

ቂሜን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ስለ ሰኞ ገበያ አንድ ወግ ጽፌ ብሎጌ ላይ ለጠፍኩ። ሻጭና ገዢ በወላሂና በማርያም ሲማማሉ፣ አህያዋ የሚማማሉበትን እህል በልታ ስለ መጨረሷ ነው። ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል። 11 ጊዜ ተነበበ፣ ሰባቱ እኔ ነኝ። ከወር በኋላ የእህቴ ባል በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። «ይሄን አንብበው። አንተም እንዲህ ብትጽፍ ምን ነበረበት?» ይላል። ከፈትኩት። አህያዋ ናት! ከሥሯ «ምንጭ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ» ተብሏል። አንድ ቦታ ላይ «ገበያ» ማለት ሲገባኝ እንደ አፌ «ገቢያ» ብዬ ነበር። እሷም ሳትቀር አለች። ስሕተቴን እንደ ዓይን ብሌን ጠብቀው ስሜን ብቻ ፋቁት።

ለቻናሉ ባለቤት ጻፍኩለት። ከሌላ ቻናል ነው ያገኘሁት አለኝ። ለዚያኛው ጻፍኩ። እሱ ደግሞ «ወንድሜ፣ ዋናው መልእክቱ መድረሱ ነው» ብሎ የሁለት እጆች ምስል ላከልኝ። ዋናው መልእክቱ! የሰኞ ገበያ አህያ ምን መልእክት አላት? ይኸው አሁን ስጽፈው እንኳ ደሜ ይፈላል። በሰው ድካም ሺህ ሰው ሰብስቦ «ሼር አድርጉ» የሚል ሰው ሌባ ነው። ሌላ የቁልምጫ ስም አላወጣለትም።

የሚገርመው፣ ወሎ ውስጥ የዚህ ተገላቢጦሽም አለ። ሼህ ሁሴን ጅብሪልን የማያውቅ የለም። ትንቢታቸውን በግጥም ተናገሩ፣ ሕዝቡ በቃሉ ይዞ አቆየው፣ መጽሐፍ የሆነው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ብሎግ አልነበራቸውም። ሆኖም በየዓመቱ አዲስ ግጥም ይወጣላቸዋል። ሹም ሲቀየር ግጥም፣ ዘይት ሲወደድ ግጥም። «ሼህ ሁሴን ያኔ ተናግረውት ነበር» ይባላል። በቀደም አንዱ ስለ ዶላር ምንዛሪ ተናግረዋል ብሎ ሲምል ሰማሁ። እኔ የጻፍኩት የማንም ይሆናል፣ እሳቸው ያላሉት የሳቸው ይሆናል። ባቲና አምባሰልም የሀገራችንን ስም ይዘው ቅኝት ሆነው ቀሩ፣ መጀመሪያ ያዜማቸው ሰው ግን ስም የለውም። እሱንም «ከማኅበራዊ ሚዲያ» ብለውት ይሆናላ።

«ጋሼ፣ ታዲያ?» አለ ልጁ። ቶናው ተቀድቷል።

ከተረት ሁሉ አንድ የምወደው አለኝ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን። ተማሪ ቤት ግድግዳ ላይ ነው ያገኘሁት። በ2003 ዓ.ም. የራሴን ብሎግ የከፈትኩት እሱ ገፋፍቶኝ ነው። ሰሞኑን ተመልሼ የመጀመሪያውን ጽሑፌን አነበብኩት። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በሦስት ነጥብና በሦስት ቃለ አጋኖ ያልቃል። ፍቅርን ከባሕር ማዕበል ጋር አመሳስየዋለሁ። ያኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፣ ዛሬም አላየሁም። ይወረሳል ሲሉ ለካ ይሄም ይወረሳል። ልጆቼ ተሰብስበው ማዕበሉን ሲካፈሉ ታየኝ። ሌላም ተረት አለ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች»። እሷስ ያፈሰሰችው እህል ነው። በስክሪንሹት የተያዘ ጽሑፍ በምን ይለቀማል?

ለነገሩ እኔ ስጀምር ብሎግ እንዲህ መቀለጃ አልነበረም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. 6 ጦማርያንና 3 ጋዜጠኞች ታሰሩ። ጦማር ግዕዝ ነው፣ ደብዳቤ እንደማለት። እናቴ ግን ቃሉን መጀመሪያ የሰማችው በዜና፣ ከእስር ጋር ተጣብቆ ነው። ደወለችልኝ።

«ልጄ፣ ጦማሪ ነህ ወይስ ደህና ነህ?»

«አብሽሪ እማዬ። የኔን የሚያነቡት አራት ሰዎች ናቸው።»

ትንሽ ዝም አለችና «አራቱ እነማን ናቸው?» አለችኝ።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. ታግደው የቆዩ 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች ተለቀቁ ሲባል፣ የኔ የለበትም። ታግዶ አያውቅማ። ለመታገድም አንባቢ ያስፈልጋል። እነዚያ ሲለቀቁ ደግሞ ሕዝቡ ፌስቡክና ቴሌግራም ገብቶ ከትሞ ነበር።

በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ወራት ቆየ። ብሎጌን እኔ ራሴ እንኳ ማየት አቃተኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የማየው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ። ላይክ የለ፣ ሼር የለ፣ እንግዲህ ጉዴ ይወጣል አልኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜን ጻፍኩ። ከሥሩ አሰመርኩበት። እስክሪብቶው ሰማያዊ ስለሆነ አልታይ አለኝና ቀይ ፍለጋ ወጣሁ። ቀዩን አግኝቼ ስመለስ መሽቷል። ይህን ለእህቴ ልጅ አልነገርኩትም፣ እናንተም እንዳትነግሩት።

የነገርኩት ሌላ ነው። ሰው ሊያነበው እንደሆነ ሲታወቅ ጽሑፍ ይስተካከላል አልኩት፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረገው። በዚያ በኩል ብሎግ ደግ ነገር ነው። እንግዳው በየቀኑ ከመጣ ግን ጥራጊው አልጋ ሥር ነው የሚገባው። ደግሞ «በየቀኑ ካልለጠፍክ ሰው ይረሳሃል» የሚሉ አሠልጣኞች አሉ። ሳያውቀኝ እንዴት ነው የሚረሳኝ?

«ስለዚህ አልክፈት?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ስለዚህ ልክፈት።»

«አይጠየፍን ታውቀዋለህ?» አልኩት። እዚሁ ደሴ ያለውን፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አዳራሽ። ስሙ እንደሚለው ማንንም አይጠየፍም፣ ሰው ሁሉ ገብቶ ይበላበት ነበር። ግን ሰንጋው ታርዶ፣ ጠጁ ተጥሎ ነበር በሩ የሚከፈተው። በሩን በርግደው «ግቡና ጠብቁ፣ ላሟ ገና አልወለደችም» አላሉም። በዚህ የሚረታ መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን አይጠየፍን ጉግል አድርጎ ፎቶውን እያየ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ለሎጎ ያምራል» አለኝ።

በረካው ተቀዳ። እህቴ ጨርሳ መረቀች፣ «ዕውቀቱን ይግለጽልህ፣ የጻፍከው ይነበብልህ» አለችው። አሜን አለና ስልኩን ይዞ ወጣ። ከሁሉም ያልኩት ውስጥ የትኛውን ይዞ እንደሄደ አላወቅኩም።

ፒያሳ ሳልደርስ ሊንክ መጣልኝ። «ጋሼ፣ እንዳልከኝ ከፈትኩት። ሼር አድርግልኝ።» መቼ እንዳልኩት! ከፍቼ አየሁት። ላባው አለ፣ ጀበናው አለ፣ አገጩ አለ። ከጦሳ ጎን አይጠየፍም ገብቷል። ሐያሲም ከነግርማ ሞገሱ አለ። መሐል ላይ በትልቁ «በቅርብ ቀን፣ ይጠብቁን» ይላል።

ስንት ሆናችሁ ነው ብዬ ልጽፍለት ስል ኔትወርኩ ሄደ።