ድንጋይ ነው ወይስ አሸዋ? መልሱልኝ!

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። የመለሰልኝ ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጥምቀት ዘመዶቻችን ከአዲስ አበባ ጎንደር ይመጣሉ። ጥር 13 ጎርጎራ እንውረድ ተባለ። ደስ አለኝ፤ ጣናን የማይወድ ጎንደሬ የት አለ? የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። የሚኒባስ ኪራይ፣ የበግ ዋጋ፣ ማን ድስት ይይዛል፣ ማን ስፒከር ያመጣል፣ ተወራ ተወራ። ቲሸርታችን ምን ዓይነት ቀለም ይሁን ተብሎ ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን። እኔ የጠየቅኩት ይሄን ብቻ ነው፦ "ልጆቹ ውሃ የሚገቡበት ቦታ ድንጋይ ነው ወይስ አሸዋ?"

"አንቺ ደግሞ! ቦታው ገነት ነው።" አንዷ ልብ ላከች። ሌላው "የጎርጎራን ዓሣ ስትበዪ ሁሉንም ትረሺዋለሽ" አለኝ።

ገነትነቱን መች ካድኩ?

የምጠይቀው ስለደረሰብኝ ነው። አምና ጥቅምት ላይ ሄደን ነበር። ከመሄዳችን በፊት አንድ ዘመድ ፎቶ ላከልን፤ ሰፊ ዳርቻ፣ ሰዎች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ቡና ሲጠጡ። ስንደርስ ያ ዳርቻ የለም። ፎቶው ለካ የግንቦት ነው። ጣና የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። የልዩነቱ ከፍታ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ግንቦት ላይ ሰው የተቀመጠበት ድንጋይ ጥቅምት ላይ ውሃ ውስጥ ነው፤ ከላይ ሆነህ አታየውም።

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሸበጡን እንዳደረገ ሮጦ ገባ። ሦስተኛው እርምጃ ላይ አዳለጠው። ስናወጣው ቅልጥሙ የጣት ርዝመት ያህል ተተርትሯል። አንዱ ሸበጥ ተንሳፎ ሲሄድ እያየ "ሸበጤ! ሸበጤ!" እያለ ያለቅሳል። ፋሻ የያዘ ሰው አልነበረም። በነጠላዬ አስሬ፣ ጭኔ ላይ አስተኝቼው፣ ስልሳ ኪሎ ሜትሩን ወደ ጎንደር ተመለስን። ድንጋዩን በእጄ ነክቼዋለሁ። ጥቁር ነው። ላዩን አረንጓዴ ልስልስ ነገር ለብሷል፣ ጠርዙ ግን ስለት ነው። የጣና ዙሪያ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ሐይቁ ራሱ የተፈጠረው የቀለጠ ዓለት ፈስሶ የውሃውን መውጫ ስለገደበው ነው። ስለዚህ ድንጋይ መኖሩ አያናድደኝም። የሚያናድደኝ እያወቀ የማይናገር ሰው ነው!

ጥር ደግሞ መሀል ላይ ነው። ግማሹ ድንጋይ ወጥቷል፣ ግማሹ ገና ተደብቋል። ለልጆቹ ኮንጎ ጫማ እንግዛ አልኩ። ርካሽ ነው፣ ቢረጥብ አይጎዳም፣ እንደ ሸበጥ ከእግር አይወልቅም። ምን ተባልኩ? "በኮንጎ ፎቶ ሊነሱ ነው እንዴ?"

ቢልሃርዚያም አለ። ጣና ላይ መኖሩ የታወቀ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ቀንድ አውጣው ደግሞ የሚወደው ሣር የበዛበትን የረጋ ዳር ነው፣ ልጆች የሚንቦጫረቁበትን። ይሄን ስጽፍ "አታሟርቺ" ተባልኩ። ልጆቹን ማን ሊያሳክም ነው?

አጎቴ የሱስንዮስን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ በጀልባ ሄዶ ማየት ይፈልጋል። ይሄ ለጠዋት ነው የሚሆነው፤ ከሰዓት ንፋስ ከተነሳ ጣና ይናወጣል። እናቴ ደብረ ሲና ማርያምን ልሳለም ብላለች፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ዳርቻው ላይ የምትቀመጥበት ደልዳላ ቦታ መኖሩን ማወቅ አለብኝ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዚያው ሳምንት መጠየቅ አለብን። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አዘዞን እንለፍ፣ ቁርሳችንን ቆላ ድባ እንብላ አልኩ። ይሄም ዝም ተባለ።

ትናንት ማታ ጥያቄዬን ለአራተኛ ጊዜ ጻፍኩ። ከሥሩ የመጣው መልእክት "ሰማያዊው ቲሸርት አልቋል፣ አረንጓዴ ይሁን?" ይላል።

እባካችሁ፣ በዚህ ሳምንት ጎርጎራ የወረደ ሰው ካለ ይንገረኝ። ውሃው የት ድረስ ጎድሏል? ልጅ ቆሞ ድንጋይ የማይነካበት ቦታ በየት በኩል ነው? ፎቶ ከላካችሁም ቀኑን ጻፉበት።