ጭላዳ የበላውን ገብስ ማን ይክፈል?

ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ደባርቅ ይደርሳል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ቱሪስቱ የመግቢያ ይከፍላል፣ አስጎብኚና ስካውት የሚባለው የፓርክ ጠባቂ ይመደብለታል፣ ከዚያ ፓርኩ ውስጥ ወዳለው የሳንቃበር ካምፕ ይወጣል። ዋልያ ለማየት ገና ብዙ ይቀረዋል። በመኪናው መስኮት መጀመሪያ የሚያየው የገብስ ማሳ ነው። ማሳው ዳር ላይ ጋቢውን የተከናነበ፣ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ተቀምጧል።

ከዓመታት በፊት እንዲህ ካለ ልጅ ጋር ግማሽ ቀን ተቀምጬ አውቃለሁ። ቢበዛ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ማታ ገደል ላይ ያድራል። ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ ሜዳው ይወጣና ቁጭ ብሎ እየተንፏቀቀ ሳሩን ይነጫል። የዚያን ዕለትም ከገደሉ አፋፍ መንጋው ብቅ አለ። ከመንገዱ ማዶ የቆሙት ቱሪስቶች ካሜራቸውን አነሱ። ልጁም ወንጭፉን አነሳ። ሁለቱም የሚያዩት አንድ እንስሳ ነው።

«ትምህርት ቤትስ?» አልኩት።

«ገብሱ እስኪታጨድ በፈረቃ ነን። ጠዋት ወንድሜ ይማራል፣ ከሰዓት እኔ።»

ስለ ፓርክና ስለ አካባቢው ሕዝብ ክርክር በተነሳ ቁጥር ይህ ልጅ ትዝ ይለኛል። ፓርኩ ለሀገር ክብር ነው፤ አምናለሁ። ዋልያ ከስሜን ውጭ በዓለም የትም የለም። ቀይ ቀበሮም ጭላዳም ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኙም። እነዚህ እንስሳት በእኛ ዘመን ቢጠፉ ለልጆቻችን የምንሰጠው መልስ የለም። ግን ክብሩ የሁላችንም ሆኖ ወጪው የዚያ ልጅ ቤተሰብ ብቻ መሆን የለበትም።

በየስብሰባውና በየዜናው «ፓርኩን ያጎሳቆለው ነዋሪው ነው» ሲባል ይሰማል። ውሸት ነው አልልም። ከብቱ የዋልያውን ግጦሽ ይሻማል። ተዳፋቱ ይታረሳል፣ አፈሩ ይታጠባል። አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ለማገዶ ይቆረጣል። ከመንደር የሚወጣ ውሻ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮ ያዛምታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ነዋሪው ፓርኩ ውስጥ ሰርጎ የገባ ሰው አይደለም። ፓርኩ ነው እሱ ዘንድ የመጣው።

ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቅርሶች አንዱ ነው፤ ላሊበላም አብሮት ነበር። እነዚያ መንደሮች ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ነበሩ። ወሰን ሲሰመር መሬቱን የሚያርሰው ሰው አልተጠየቀም። በደርግ ዘመን ደግሞ በገደሉ ግርጌና በሰሜን በኩል የነበሩ መንደሮች በግድ ተነሱ። እናም ብዙ ሰው «ፓርክ» የሚለውን ቃል የሰማው ከ«ተነሱ» ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው የመጣውን የፓርክ ሠራተኛ በጥርጣሬ ቢያየው አይፈረድበትም።

በ1989 ዓ.ም. ስሜን በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ። የዋልያ ቁጥር መመናመን፣ የሰዉ ሰፈራ፣ ፓርኩን አቋርጦ የወጣው መንገድ ምክንያት ተደረጉ። ከዚያ መዝገብ ለመውጣት ሃያ ዓመት ወሰደ። ፓርኩ መጀመሪያ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። አንዳንድ መንደሮች ከወሰኑ ውጭ እንዲሆኑ ተደረገ፣ ሌሎች ተራራማ ቦታዎች ተጨመሩ፣ ስፋቱ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ደረሰ። ከዚያም ፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ተነሣ።

ግጭ ላይ ትንሽ ልቆይ። ግጭ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ 500 ሜትር በላይ የነበረ፣ ዙሪያውን ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል የቆመበት የገብስና የበግ ሀገር ነበር። ነዋሪው አብዛኛው ሙስሊም ነው። እዚያ ብርድ ላይ ትውልድ በትውልድ ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. 418 አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ዳርቻ ወረዱ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ስሜን ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። ዜናው በደስታ ተነገረ። የግጭ ሜዳ ሳሩ ማገገም ጀመረ። እኔም ደስ ብሎኛል።

ደባርቅ ግን ሌላ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ገብሱን ከጎተራ ሲያወጣ የኖረ ሰው በኪሎ መግዛት ጀመረ። ኩበትና ጭራሮ ከደጁ የሚሰበስብ ሰው ማገዶ በብር ሆነበት። በጉ የሚግጥበት ሜዳ የለም። ካሳው በእጅ ሲገባ ብዙ ይመስላል። ቤት ይሠራል፣ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ልጅ ይዳራል፣ ከዚያ ያልቃል። ገበሬን ነጋዴ የሚያደርግ ሥልጠና ደግሞ በሦስት ቀን አይሰጥም። አንድ የግጭ ሰው ደባርቅ ላይ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ያሉኝን አልረሳውም። «እዚያ ብርዱ ነበር የሚያስቸግረን። እዚህ ዋጋው ነው» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ «ልጆቹ ግን ትምህርት ቤትም ጤና ጣቢያም ቀረባቸው፤ እሱን አልክድም» አሉ። ሚዛናቸውን አደነቅሁ። ያጡትንም ያገኙትንም ያውቁታል። እኛ ግን የምንጽፈው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው።

እንግዲህ ቱሪዝሙ ሲሳካ የነበረውን እንይ። ቱሪዝም ለደባርቅና ለዙሪያዋ ቀላል ነገር አልነበረም። አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ባለ በቅሎው፣ የሆቴሉ አስተናጋጅ፣ በሰላላ ሣር ቆብ ሠርታ መንገድ ላይ የምትሸጥ ልጅ፣ ሁሉም እንጀራው ከተራራው ነበር። ባለ በቅሎዎች በማኅበር ተደራጅተው በተራ ይጭናሉ። ፍትሐዊ ነው። ግን ባለ በቅሎው ብዙ ነው፤ ተራው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚደርሰው ሰው ጥቂት አይደለም። ለሦስት ቀን ጉዞ የተከፈለው ብር የዓመት ጥበቃን አይክስም። ጭላዳው ግን ተራ አይጠብቅም፤ በየቀኑ ይመጣል።

ለእኔ የነገሩ ሥር እዚህ ነው። የፓርኩ ወጪ የዘወትር ነው። ገብስ ይበላል፣ በግ በነብር ወይም በጅብ ይወሰዳል፣ ከብት ክልክል ቦታ ገብቶ ይያዛል፣ ባለቤቱ ይቀጣል። ጥቅሙ ግን የወቅት ነው፤ የሚደርሰውም ለመንገድ ዳር ሰው፣ ፈረንጅኛ ለሚያውቅ፣ በቅሎ ላለው ነው። በቅሎ የሌላት ባልቴት፣ ማሳዋ ገደል አፋፍ ላይ የሆነ ሴት፣ ከፓርኩ ያገኘችው ምንድን ነው? ሴቶች በዚህ ሒሳብ ውስጥ ሁልጊዜ የምንረሳቸው ናቸው። አስታ መቁረጥ ሲከለከል ማገዶ ፍለጋ ሩቅ የምትሄደው እሷ ናት። ልጁ ማሳ ሲጠብቅ የሱን ሥራ ደርባ የምትሠራውም እሷው ናት።

ከዚያ ደግሞ ወቅቱም ጠፋ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፣ አውሮፕላኑ ቆመ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ ውሎ አድሮም የደባርቅ አካባቢ ራሱ የጦር ግንባር ሆነ። እሱ ረገብ ሲል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ሌላ ግጭት ጀመረ። አስጎብኚው ሥራ ፈታ። ባለ በቅሎው በቅሎውን ሸጠ። ሰው ኑሮውን በሙሉ እንግዳ ላይ ጥሎ እንግዳው ሲቀር ምን ይሆናል? ወደ ተራራው ይመለሳል። ወደ ሣሩ፣ ወደ እንጨቱ፣ አንዳንዱም ወደ እንስሳው። «ፓርኩ ይጠቅማችኋል» ያልነው ሰው ጥቅሙ ሲቆም ጥበቃውም ቢላላ መገረም የለብንም። ጥበቃውን ከቱሪስት ጋር ብቻ ያሰርነው እኛ ነን።

ሕዝቡ ለተራራው ግድ የለውም የሚል ካለ 2011 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በመጋቢትና በሚያዝያ ተራራው ተቃጠለ። አስታው፣ የጓሳ ሣሩ ነደደ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፤ እግዜር ይስጥልን። ከእነሱ በፊት ግን በእግሩ ገደል ወጥቶ በቅጠልና በአካፋ እሳት ሲመታ የሰነበተው የዚያው የገጠሩ ወጣት ነው። ያን ቀን ማንም «የመግቢያው ገቢ ስንት ፐርሰንት ይደርሰኛል» ብሎ አልጠየቀም።

ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ፤ ሩቅም አይደለም። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ እንሂድ። የጓሳ ሜዳ እዚያ ነው። ጭላዳም ቀይ ቀበሮም አለበት። ያን ሜዳ የመንዝ ሰው ለመቶዎች ዓመታት ቄሮ በሚባል ባህላዊ የሜዳ አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። መብቱ ከአቅኚ አባቶች፣ ከአስቦና ከጌራ፣ በዘር የሚወርድ ነው። ሜዳው ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ተነጋግረው በበጋ ይከፍቱታል፤ ያጭዱታል፣ ያግጡታል። ጓሳው ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳ ይሠራበታል። ዝናብ ሲጥል ተመልሶ ይዘጋል። የከለከለው ራሱ ባለቤቱ ስለሆነ ክልከላው ይከበራል።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ የቄሮ ሥርዓት ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ኅብረተሰቡ በቀበሌ በኩል ሌላ መተዳደሪያ አበጀ። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ በክልሉ ዕውቅና አለው፤ ማኅበረሰቡ የራሱ የእንግዳ ማረፊያም አለው። ጓሳ ምንም ችግር የለበትም አልልም። የድሮው የርስት ሥርዓት ሁሉንም እኩል ያይ ነበርም አልልም፤ ከአቅኚዎቹ ዘር ያልሆነ ሰው ድርሻ አልነበረውም። ግን አንድ ነገር አሳይቶናል። ሰው ከሜዳው በዓመቱ ሣር የሚያጭድበት መብት ካለው፣ ቱሪስት መጣም ቀረም ይጠብቀዋል።

ይህ የስሜን ጉዳይ ብቻም አይደለም። አዋሽ ላይ ከረዩ የሚባሉት አርብቶ አደሮች ግጦሻቸውንና ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ በአንድ በኩል ለአዋሽ ፓርክ፣ በሌላ በኩል ለመተሐራ ሸንኮራ እርሻ አጥተዋል። ድርቅ ሲመጣ ከብታቸውን ወዴት ይንዱ?

እኔ የምለው ይህን ነው። ከመግቢያው ገቢ ለዙሪያው ቀበሌዎች የሚደርሰው ድርሻ በሕግ ይጻፍ። በጎ ፈቃድ አይሁን፣ ፕሮጀክት ሲመጣ የሚመጣ ሲያልቅ የሚያልቅም አይሁን። ገንዘቡ በቀበሌው ስም ይግባ፣ ስንት እንደገባና ምን እንደተሠራበት በቀበሌው ግድግዳ ላይ በአማርኛ ይለጠፍ፣ ሴቶችም በፊርማው ላይ ይኑሩ። ለተበላ ገብስና ለተወሰደ በግ ትንሽም ቢሆን የሚክስ ፈንድ ይቋቋም። ዕድር በየሰፈሩ ያለን ሕዝብ ነን፤ ማን እውነት እንደተጎዳ ጎረቤት ያውቃል፣ አስመሳዩንም ይለየዋል። ሳሩ ካገገመበት ቦታ ደግሞ ዋልያውን በማይነካ ወቅትና ቦታ አጭዶ መውሰድ ይፈቀድ። ከብት አስገብቶ ማስጋጥና በማጭድ ቆርጦ መሸከም አንድ አይደሉም።

ለተነሱትም ቢሆን ካሳ መክፈል መጀመሪያው ነው። ከግጭ የወረዱት ቤተሰቦች ዛሬ እንዴት እንደሚኖሩ ቤት ለቤት ተሂዶ ይታይ። ማን ሱቅ ከፈተ፣ ማን ቀን ሠራተኛ ሆነ፣ የማን ልጅ ትምህርት ጨረሰ፣ ማንስ ከተማውን ለቆ ሄደ? ሌላ መንደር ከመነሳቱ በፊት ይህ መልስ በእጃችን ይግባ።

«አሁን ቱሪስቱ አንሷል፣ የሚካፈል ገንዘብም እምብዛም ነው፣ ምን ያስቸኩላል?» የሚል ሰው አይጠፋም። የሚያስቸኩለው ይኸው ነው። የሚካፈለው ገንዘብ ከመጣ በኋላ ክፍፍል መጻፍ ጠብ ነው። አሁን ግን በሩ ፀጥ ብሏል። የቀበሌ ሽማግሌው፣ ስካውቱ፣ የፓርኩ ኃላፊ፣ ማሳዋ ገደል አፋፍ ያለው ሴት አንድ ላይ ተቀምጠው ለመነጋገር ጊዜ አላቸው። ሰላም ወርዶ የመጀመሪያው ቱሪስት ደባርቅ ላይ የመግቢያውን ሲከፍል፣ ከደረሰኙ ላይ የልጁ መንደር ድርሻ ተጽፎ ይገኝ።