ፀሐይ በአራተኛው ቀን

ከጥናት በኋላ አራት ሆነን ቀረን። መጽሐፍ ቅዱሶቹ ገና ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ከመካከላችን ታናሹ ሲቁነጠነጥ ቆይቶ በመጨረሻ ተነፈሰው።

«ምድር በስድስት ቀን፣ ያውም የዛሬ ሰባት ሺህ ዓመት ገደማ ተፈጠረች የሚለውን ማመን አቃተኝ። ክርስቶስን ግን አልተውኩም። እንዲህ ሆኖ መኖር ይቻላል?»

አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ክር አንዴ ከተመዘዘ ሸማው አለቀለት። ዛሬ ፍጥረትን፣ ነገ ትንሣኤን።»

«እኔስ የምፈራው ይህንኑ አይደል ጋሼ!»

ጂኦሎጂ ያጠናችው ወዳጃችን ጣልቃ ገባች። «ጋሼ፣ ፀሐይ በስንተኛው ቀን ነው የተፈጠረችው?»

«በአራተኛው።»

«ታዲያ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ማታና ጠዋት ምን ለያቸው?»

«ብርሃን ይሁን ያለው አምላክ ነዋ!»

መልሱ መጥፎ አልነበረም። እሷ ግን ጥያቄው የሷ እንዳልሆነ፣ በ3ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን መምህሩ ኦሪገን ይህንኑ እንደጠየቀ ነገረቻቸው። ባትነግራቸው ይሻላት ነበር። «ኦሪገን እኮ የተወገዘ ነው!» አሉ፣ ክርክሩን የረቱ ያህል። ሁላችንም ሳቅን።

«እሺ፣ አውግስጢኖስስ?» አለች። አውግስጢኖስ እነዚያ ቀናት እኛ የምናውቃቸው ዓይነት ቀናት እንዳልሆኑ የጻፈው ዳርዊን የዝግመተ ለውጥ መጽሐፉን ከማሳተሙ ከ1400 ዓመት በፊት ነው። ክርስቲያን ስለ ሰማይና ምድር የማያውቀውን በመጽሐፍ ስም እየተናገረ የማያምኑ ሰዎች መሳቂያ እንዳይሆንም አስጠንቅቋል። አዛውንቱም ዋዛ አይደሉም። «ባስልዮስ ደግሞ ሣር ሲባል የምረዳው ሣር ነው ብሏል» ብለው መለሱ። እውነት ነው፣ ብሏል። አባቶችም እንደኛው አልተስማሙም ነበር።

ልጁን ያናወጠው ግን ዳርዊን አይደለም። በረዶ ነው። ከአንታርክቲካ ተቆፍሮ ስለወጣ፣ 800 ሺህ ዓመት ወደኋላ ስለሚሄድ በረዶ አንብቧል። በረዶው ውስጥ ትናንሽ የአየር አረፋዎች አሉ፤ በዚያ ዘመን የነበረውን አየር እንደያዙ የቀሩ። «ምድር ትናንት የተፈጠረች ከሆነ ያ ሁሉ አየር ከየት መጣ? አምላክ ሊያታልለን አስቀመጠው እንበል? እንዲህ ያለውን አምላክ ነው እኔ ማመን የማልችለው» አለ። ይህን ሲል ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ማንም አልመለሰለትም።

ዝምታው ሲከብደኝ ዘፍጥረት ምዕራፍ 5ን ገለጥኩ። አዳም ሴት የተባለውን ወንድ ልጁን ሲወልድ ስንት ዓመቱ ነበር? በአዛውንቱ መጽሐፍ 230፣ በልጁ መጽሐፍ 130። የሳቸው የግሪኩን የሰባ ሊቃናት ትርጉም የተከተለ ነው፣ የልጁ ደግሞ ዕብራይስጡን። ከዚያ በኋላ ባሉት ብዙ ትውልዶችም መቶ መቶ ዓመት ይለያያሉ። ግሪኩን ይዞ የደመረ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት አገኘ። የአየርላንዱ ጳጳስ ጄምስ አሸር ዕብራይስጡን ይዞ ደመረና እ.ኤ.አ. በ1650 ባሳተመው መጽሐፉ 4004 ላይ አረፈ። ሁለቱም በቅን ልብ ነው የደመሩት። አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ሁለቱን ገጾች ደግመው አዩ። ምንም አላሉም።

ቀጥለው ግን ትልቁን ድንጋይ ወረወሩ። «ቁጥሩን ተዉት። ጳውሎስ ኃጢአት በአንድ ሰው ገባ ይላል። አዳም ተረት ከሆነ ክርስቶስ ምን ሊያድን መጣ?»

ወዳጃችን «ምሳሌ ሊሆን ይችላል» ብላ አለፈችው። ፈገግም አለች። ያን ፈገግታ አልወደድኩላትም።

የኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ አዛውንቱ ጭንቅ ያለበትን ቦታ በትክክል አግኝተዋል። ምድር 4.5 ቢሊዮን ዓመቷ ነው ብለው አዳምን እንደ አንድ ሰው የሚቀበሉ ክርስቲያኖች አሉ። የአዳም ታሪክ የሰው ልጅ ሁሉ ታሪክ ነው የሚሉም አሉ። ክርክራቸው አላለቀም፤ በአንድ ቃል የሚታለፍ ነገርም አይደለም። ሸማውን በሚመለከት ግን አዛውንቱ ተሳስተዋል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት አላቸው እንጂ ምድር ካረጀች ከንቱ ናት አላላቸውም። ክርስቶስን ከድምር ጋር ያሰረው ሌላ ሰው ነው። ልጁም የታመመው በዚህ እስር ነው፤ ድምሩ ሲፈርስ ጌታውም አብሮ የሚወድቅ መስሎታል። አጽናፈ ዓለም እየሰፋ መሄዱን እ.ኤ.አ. በ1927 በስሌት ያሳየው ዦርዥ ለሜትር ካህን እንደነበር ብነግረው ደስ ባለኝ፤ በሰዓቱ ትዝ አላለኝም። ሁሌም እንዲህ ነው፣ የሚጠቅመው ነገር ትዝ የሚለኝ ስወጣ ደረጃው ላይ ነው።

ስንወጣ አዛውንቱ የልጁን መጽሐፍ ቅዱስ አንስተው በብብታቸው ያዙ።

«ጋሼ፣ የኔን ነው የያዙት» አላቸው።

«አውቃለሁ። እስከ ሳምንት አውሰኝ። የማቱሳላን ዕድሜ ላየው ነው።»