እርማት፦ ሄደር ጋርድ የማክሮ ግጭት አይፈታም

ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ የሲ (C) ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጀማሪዎች ዘንድ አንድ ምክር እየዞረ ነው። «ሁለት ሄደሮች አንድን ማክሮ በተለያየ ዋጋ ቢገልጹም አብሽሩ፤ ኢፍንዴፍ ጋርድ ካላቸው ችግር የለም» ይላል። ሄደር በኢንክሉድ ወደ ኮድ የሚገባ ፋይል ነው፤ ማክሮ ደግሞ ለአንድ ዋጋ የተሰጠ ስም። ምክሩ በቅንነት የተባለ ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

ጋርድ፣ ማለትም ሄደሩን የሚከብበው ኢፍንዴፍ (#ifndef)፣ የሚከለክለው ያው ፋይል ሁለቴ እንዳይገባ ብቻ ነው። በር ላይ ቆሞ አንዱን ሰይድ ሁለቴ አያስገባም፤ ሌላ ሰይድ ሲመጣ ግን ያሳልፋል። (ወሎ ውስጥ ደግሞ ሰይድ ሞልቷል።)

መዘዙ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ሄደር ማክስ የተባለውን ማክሮ 64 ብሎ በዚያው ልክ አሬይ (ተከታታይ የዳታ ቦታ) ያውጃል እንበል። ሁለተኛው ማክስን 256 ያደርገዋል። ቀጥሎ ያለው ሉፕ እስከ 256 ይሄዳል፤ አሬዩ ግን 64 ቦታ ብቻ ነው ያለው። ትርፉ የሚጻፈው የሌላ ዳታ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ዛሬ ይሠራና ነገ ይወድቃል። ምክንያቱን መፈለግ ራስ ያዞራል።

የሲ ስታንዳርድ ማክሮን በላዩ ላይ ደግሞ መግለጽ የሚፈቅደው ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ከሆኑ ነው። ካልሆኑ የሲ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ (GCC) «ሪዲፋይንድ» (redefined) ብሎ ያስጠነቅቅና በኋለኛው ይቀጥላል። ያቺን ማስጠንቀቂያ አትለፏት።

ለማጣራት ጂሲሲን ከካፒታል ኢ (-E) እና ከዲኤም (-dM) አማራጮች ጋር አስኬዱት፤ በመጨረሻ የጸናውን ዋጋ ያሳያችኋል። በዲኤም ፋንታ ዲዲ (-dD) ብትሉ ሁለቱንም ትርጉሞች ከነፋይላቸው ታገኛላችሁ።

ሄደሮቹ የእናንተ ከሆኑ ለየማክሮው የሞጁሉን ስም ከፊት ጨምሩ። አንዴፍ (#undef፣ የማክሮን ትርጉም የሚሰርዝ ትእዛዝ) ማስጠንቀቂያውን ዝም ያሰኛል እንጂ አሬዩን አያሰፋውም።