ክፍለ ሀገር ነዎት?

የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ፍሪጅ ለእኛ የቅንጦት ዕቃ እንዳልሆነ ይገባዋል። ጠዋት የተሠራ ወጥ ማታ ይኮመጥጣል። የእኛ ፍሪጅ በተገዛ በ4ኛ ወሩ ማቀዝቀዝ አቆመ። መብራቱ ይበራል፣ ያጉረመርማል፣ ብቻ አይቀዘቅዝም። ባለቤቴ «ቁም ሳጥን እኮ ነበረን» አለችኝ።

አልደነገጥኩም። የ1 ዓመት ጋራንቲ አለኝ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፤ ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር በአንድ ፌስታል ነው የተቀመጠው። ደወልኩ።

«ውድ ደንበኛችን፣ እባክዎ ይጠብቁ» አለችኝ የተቀዳችው። ቀጥሎ ክራር። ክራሩ የካርዴን ግማሽ ከበላ በኋላ ሰው ተገኘ።

«ከየት ነው የሚደውሉት?»

«ከአዳማ።»

ልጅቷ ዝም አለች። ከዚያ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ውይ፣ ክፍለ ሀገር ነዎት?»

ክፍለ ሀገር የሚባል አስተዳደር ከቀረ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። አዲስ አበቤ ግን አልሰማም። ለእሱ ሀገሪቱ ሁለት ናት፤ አዲስ አበባና ክፍለ ሀገር። ጎዴ ክፍለ ሀገር ነው። መተማ ክፍለ ሀገር ነው። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፈጣን መንገድ የሚመጣባት አዳማም ክፍለ ሀገር ናት። በሥራ መውጫ ሰዓት ከመርካቶ አያት የሚሄድ ሰው ከእኔ ቀድሞ ቤቱ መግባቱን እጠራጠራለሁ። እሱ ግን ከተሜ ነው። (የጎዴ ሰው ፍሪጁ ሲበላሽ ምን እንደሚባል ማሰብም አልፈልግም።)

«ዕቃውን ይዘው ዋናው መሥሪያ ቤት በአካል ይቅረቡ።»

«ቴክኒሻን አትልኩም?»

«ከአዲስ አበባ ውጪ አንወጣም።»

ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት። እውነትም ከታች፣ ጤፍ በሚያክል ፊደል ተጽፏል።

የሰፈራችን ፍሪጅ ሠሪ መጥቶ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠው። «ጋዝ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» አለ። ግን እሱ ከነካው ጋራንቲው ይቃጠላል። ፍሪጁ የእኔ፣ ብሎኑ የእነሱ።

እንውሰደው ብዬ መናኸሪያ ሄድኩ። የአባዱላው ረዳት ቁመቱን ጠይቆኝ ሳቀ። አይሱዙ ልኮናተር ብል ደርሶ መልሱን በሚጠይቁኝ ብር የፍሪጅ እኩሌታ ይገዛል።

የሚያበግነኝ ደግሞ ሌላ ነው። የዚህ ሀገር ገቢ ዕቃ አብዛኛው የሚመጣው በጅቡቲ ነው። ከባዱ መኪና በአዋሽ፣ በመተሐራ አድርጎ፣ አዳማን አልፎ ነው ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚደርሰው። ፍሪጄ ገና በካርቶኑ ሳለ በደጄ አልፏል ማለት ነው። እኔ አዲስ አበባ ድረስ ተከትዬው ሄጄ፣ ገዝቼ መለስኩት። አሁን ለሕክምና ተመልሶ ይሂድ ይሉኛል። በአጭር ዕድሜው ከእኔ የበለጠ አገር አይቷል።

በሳምንቱ ደግሜ ደወልኩ። ክራሩን በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ይቅርታ፣ ቴክኒሻኖቻችን የሉም። ሥልጠና ላይ ናቸው።»

«የት?»

«አዳማ።»

መጠርጠር ነበረብኝ። አዳማ አቤቱታ ሲኖራት ክፍለ ሀገር ናት፤ አበል ሲኖራት ጎረቤት። ስብሰባ፣ ወርክሾፕ፣ የበጀት ግምገማ፣ ሁሉም እዚህ ነው። ሆቴሎቻችንን ከእኛ ከነዋሪዎቹ ይልቅ እነሱ ያውቋቸዋል።

የሆቴሉን ስም ተቀብዬ በባጃጅ በረርኩ። በሩ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፦ «ደንበኛ ንጉሥ ነው!» ንጉሡ በላብ ተጠምቆ ገባ።

የሻይ ሰዓት ነበር። ቴክኒሻኑን አገኘሁት። ጨዋ ልጅ ነው፤ በአንድ እጁ ሳምቡሳ፣ በሌላው ላብ ላብ ያላት ቀዝቃዛ ውሃ ይዟል። ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ጋሼ፣ ቤትዎ ሩቅ ነው?»

«በባጃጅ 10 ደቂቃ።»

ከልቡ አዘነ። «ምን ላድርግ፣ ለሥልጠና እንጂ ለሥራ አልመጣንም። ቅዳሜ እንመለሳለን። ሰኞ ፍሪጁን ይዘው ቢሮ ይምጡ።»

አመስግኜው ልወጣ ስል ከኋላ ጠራኝ።

«ጋሼ! ከፈለጉ ቅዳሜ በሰርቪሳችን ሊፍት እንሰጥዎታለን። ፍሪጁ ግን አይገባም።»